ሃምሳ አለቃው ቤቱን በምን ያጣል?

አሜሪካ ውስጥ ከጦሩ የተሰናበተ ሰው ቤቱን ሲያጣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ያው ነው። ከባንክ ተበድሮ ገዛ፣ ታመመ ወይም ሥራ ፈታ፣ ወርሃዊ ክፍያው ተወዘፈ፣ ቤቱ ተሸጠ። መንግሥታቸው ነገሩን ቀድሞ ስላሰበበት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ በ1944 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣ፤ ወታደሩ ቤት ሲገዛ መንግሥት ለአበዳሪው ዋስ ይሆናል ተባለ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ክፍያ ሲያቅተው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መሐል ገብቶ የሚደራደርበት አሠራር መጣ። ሌላም ሕግ አላቸው፤ ወታደሩ ከመዝመቱ በፊት የተበደረበት ቤት እሱ ግዳጅ ላይ ሳለ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይሸጥም።

ይህን ሁሉ ይዛችሁ ወላይታ፣ ዲምቱ ውረዱ እስቲ። ምኑም አይሠራላችሁም! ቤቱን በባንክ ብድር ገዝቶ ወር በወር የሚከፍል ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ዲምቱ ላይ ለማግኘት ብዙ ደጃፍ ማንኳኳት አለባችሁ። ግን እዚያም ቢሆን ወታደር የነበረ ሰው ቤቱን ያጣል። በምን? እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ እንደ ገባኝ ላስረዳችሁ።

ዲምቱ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ ናት፣ ወላይታ ዞን። ከሶዶ ደጋ ወደ ብላቴ ወንዝ ስትወርዱ ቆላው ላይ ታገኟታላችሁ። ብላቴ ሲባል አንዳንዱ ወንዙን፣ አንዳንዱ የትንባሆ እርሻውን ያስባል፤ ወታደር የነበረ ሰው ግን ማሠልጠኛውን ነው የሚያስታውሰው። ብርሸለቆ፣ ጦላይ፣ ሁርሶ፣ ብላቴ እያለ ሲቆጥር ዓይኑ ይበራል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ አፋፍ ላይ ሳለ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎቹ ለሥልጠና የተወሰዱትም ወደዚሁ ብላቴ ነበር። እና በዚህ አካባቢ ወታደር እንግዳ ፍጥረት አይደለም። የወላይታ ገጠር በሀገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት አንዱ ነው፤ አባት ያለችውን ቁራሽ መሬት ለወንድ ልጆቹ ሲያካፍል ለአራተኛው የሚደርሰው የጓሮ ያህል ነው። ያ አራተኛው ልጅ ወይ ሊስትሮ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል፣ ወይ ነጋዴ ይሆናል፣ ወይ ይቀጠራል፤ መቀጠር ማለት ውትድርና ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመለስ ስሙ ተረስቷል፤ ጎረቤቱም የሻይ ቤቱ ባለቤትም «ሃምሳ አለቃ» ይለዋል፣ ቀብሩ ላይም በማዕረጉ ነው የሚለቀሰው።

እንግዲህ አንድ ሃምሳ አለቃ እንበል። ምናባዊ ሰው ነው፣ ማንንም አትፈልጉበት። 22 ዓመት አገልግሎ ተሰናብቷል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመራል፣ ለሲቪሉ 1.25 ነው። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የኛ ሰውዬ 30 ላይ 12 ጊዜ 1.65 ሲጨመርለት 49.8 በመቶ ይደርሳል። ደመወዝ የሚባለውም የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። ማለትም ጦር ሰፈር ውስጥ ነፃ መኝታና ነፃ ቀለብ የነበረው ሰው በአንድ ጀንበር በግማሽ ደመወዝ ቤት ሊያቆም ነው። 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ወርሃዊ አበል የለውም፤ ዳረጎት ይሰጠዋል፣ አንድ ጊዜ ተቆጥሮ የሚያልቅ ገንዘብ።

የመጀመሪያው አደጋ እዚሁ ጋ ነው። ዳረጎት ወይም ቁጠባ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ቦታ ይገዛል! ከከተማው ዳር ካለ ገበሬ ላይ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ በወረቀት ተፈራርሞ፣ አሥር በሃያ ይሁን አሥር በአሥራ አምስት፣ ቆርቆሮውን ይመታል። ወረቀቱ ላይ ስድስት ምስክር አለ፣ የጣት አሻራ አለ፣ አንዳንዴ የቀበሌ ማኅተም ሁሉ አለ። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ያ ወረቀት ከተማው ሲሰፋ፣ መንገድ ሲወጣ፣ ማስተር ፕላን ሲነጠፍ እንደ ባለይዞታ አያስቆጥረውም። ቤቱ የጨረቃ ቤት ይባላል፣ ካሣ የለውም፣ ግሬደር ይመጣበታል። ሰውዬው ወንጀለኛ ሆኖ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ሊሸጥ በማይችል ነገር ላይ ስላፈሰሰ ነው። ስለ ጡረተኛ ወታደር እርዳታ ሲወራ ሁሌ ብርድ ልብስና ዘይት ይነሳል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ዳረጎቱን በተቀበለ በዚያው ሳምንት አንድ ሰው «ከከተማ ዳር ቦታ አትግዛ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ይዞታውን ሳታረጋግጥ ብርህን አታውጣ» ቢለው ከአሥር ዓመት ዘይት ይበልጥበታል።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ወለድ አገድ። ለከተሜ ጓደኞቼ ላብራራ፦ ገንዘብ የቸገረው ሰው መሬቱን ለባለገንዘብ ያስረክባል፣ ገንዘቡን ይወስዳል። ባለገንዘቡ መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል፤ ምርቱ እንደ ወለድ ይታሰባል። ገንዘቡ ሲመለስለት መሬቱን ይመልሳል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ አይደል? አሁን ሂሳቡን እዩት። ሃምሳ አለቃው ልጁን ሆስፒታል ለማስተኛት 40 ሺህ ብር ተቀበለ እንበል። አንድ መኸር አለፈ፣ ዕዳው 40 ሺህ ነው። አምስት መኸር አለፈ፣ ዕዳው አሁንም 40 ሺህ ነው። የሰጠው ምርት ሁሉ ከዋናው ላይ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። መክፈያው ደግሞ ከዚያው ከተወሰደው መሬት ነው መምጣት የነበረበት።

ቤቱስ? ቤቱ ቆሟል፣ ዙሪያው እንሰት አለ። ቤተሰቡ ከጓሮው ብቻ መብላት ይጀምራል። እንሰት ለመድረስ አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትፈልጋለች፤ ችግር ሲበረታ ግን ገና ሳትደርስ ትቆረጣለች። ካለቀች በኋላ ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ይሆናል፣ ሰዎቹም አንድ በአንድ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ማንም አላባረራቸውም። የፍርድ ቤት ማዘዣ የለም፣ ጨረታ የለም፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ የለም። ወላይታ ላይ ቤት የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ለዚህም ነው ቁጥር ውስጥ የማይገባው።

መድኃኒቱ ግን ሕጉ ውስጥ አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ገበሬው መሬቱን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያከራይ ፈቅዷል፤ የመሬቱ ተጠቃሚ የሆኑ የቤተሰብ አባላት እንዲስማሙና ውሉ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲመዘገብ ግን አስገድዷል። የተመዘገበ ኪራይ ማብቂያ ቀን አለው! ቀኑ ሲደርስ መሬቱ ይመለሳል፣ ዋና ገንዘብ የሚባል ማነቆ የለበትም። በ2016 ዓ.ም. የተካው አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፍቷል። ይህንን አንዳንዱ ሲሰማ «መሬታችን በባንክ ሊሄድ ነው» ብሎ ይደነግጣል፣ ሌላው ደግሞ «ከወለድ አገድ ተገላገልን» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ግን ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው ነው የማደላው። ያልተነበበ ውል ከባንክም ይምጣ ከጎረቤት ያው ነው።

እዚህ ላይ የወታደሩ ጉዳይ ከሌላው ገበሬ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እሱ ቦታው ላይ አልነበረም። መሬት ሲለካና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲታደል እሱ ባድመ ወይም ጎዴ ነበር። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ወንድሙ ነው፣ ወይም አባቱ። አባት ሲሞት፣ ወንድም ሲያገባ፣ የወንድም ሚስት ስሟ በደብተሩ ሲገባ፣ ሃምሳ አለቃው የገዛ አባቱ ግቢ ውስጥ ተጠግቶ አዳሪ ይሆናል። ክፉ ወንድም ስላለው አይደለም፤ ሕጉ መሬቱን ለሚያርሰው ሰው ስለሚያደላ ነው።

ባንኩን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። ሶዶ ከተማ ላይ ቤቱን አስይዞ ንግድ የጀመረ ጡረተኛ ይኖራል። እሱ ማወቅ ያለበት አንድ ቁጥር አለ፦ 30 ቀን። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያስያዝከውን ቤት ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅበትም። መጀመሪያ ላይ ካነሳሁት የአሜሪካ ሕግ ጋር አስተያዩት። እዚያ ግዳጅ ላይ ያለን ሰው ቤት ለመሸጥ ዳኛ ያስፈልጋል፤ እዚህ ዳኛው ባንኩ ነው። የአዋጁ አመክንዮ ይገባኛል፣ ባንኮች በፍርድ ቤት መጓተት ተንገሽግሸው ነበር። ግን ልጁ ግንባር ላይ ላለ ቤተሰብ ወይም ገና ከሆስፒታል ለወጣ ቁስለኛ ተለይቶ የሚታሰብ ጊዜ ቢኖር ባንክ የሚከስር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም የወታደር ቤት ጉዳይ በወላይታ አስቂኝም አሳዛኝም ታሪክ አለው። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ የወላይታውን ንጉሥ ካዎ ጦናን ወግተው ወላይታን ሲይዙ አብሯቸው የመጣው ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ደመወዙ ገባር ነበር። አገሬው በግድ ቤት ሠራለት፣ እህሉን ፈጨለት፣ እንጨቱን ፈለጠለት፣ እርሻውን አረሰለት። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች በደቡቡ ክፍል መሬት በጋሻ ሰጡ፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው፣ የዛሬው የወላይታ ገበሬ በህልሙም አያየው። ያ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት አዋጅ አበቃ። እና ዛሬ ዲምቱ ላይ ደብተር የሚያጣው ሃምሳ አለቃ ብዙ ጊዜ የዚያ ገባር የልጅ ልጅ ነው። አያቱ የሌላ ወታደር ቤት ሲያቆም ኖረ፤ እሱ ራሱ ወታደር ሲሆን ቤት የሚያቆምለት የለም። እንዲያቆሙለት እያልኩ አይደለም! ሀገር የወታደሩን ቤት ወይ በጭቁን ገበሬ ጀርባ ላይ አስቀመጠችው፣ ወይ ጨርሳ ተወችው፤ መሐሉ የተሞከረው ጥቂት ጊዜ ነው ማለቴ ነው።

ከነዚያ ጥቂቶች ትልቁ በ1983 ዓ.ም. የሆነው ነው። ግንቦት 20 አዲስ አበባ ስትያዝ በአፍሪካ ካሉት ግዙፍ ጦሮች አንዱ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው! ብዙው በግዳጅ የታፈሰ፣ ደመወዝ የሌለው፣ ቀለብ የሌለው፣ በየመንገዱ የሚለምን። በሰኔ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ወደ ገጠር ለሚመለሰው ሰው ያደረገው ነገር ውስብስብ አልነበረም፦ እስከ ምርት የሚያደርሰው እህል፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ ለአንዳንዱም የእርሻ በሬ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገበሬ ማኅበራት መሬት እንዲያካፍሉት ተጠየቁ። የዓለም ባንክ በኋላ ያጠናው ጉዳይ ነው፣ ለሌሎች የአፍሪካ ሀገሮችም እንደ ምሳሌ ተጠቅሷል።

ለምን ሠራ? የኔ ግምት እንዲህ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፣ ግን ሰውዬው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው የወረደው። ቤትን ከመሬቱ፣ መሬቱን ከጎረቤቱ አልነጠለውም። የጀርመኑ ጂቲዜድ የደገፈው ፈንድም የተመለሰውን ወታደር ብቻ ሳይሆን የተቀበለውን ማኅበረሰብ ጭምር የሚጠቅም ሥራ ይደግፍ ስለነበር ጎረቤቱ «ትናንት ለደርግ የተዋጋ ዛሬ በሬ ታደለ» ብሎ የሚቀናበት ነገር ቀነሰ። ወላይታን በመሰለ ጠባብ ቦታ መሬት ማካፈል የሌላውን እጅ መቁረጥ ስለሆነ ቀላል አልነበረም። በከተማ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፦ የቀድሞ ሥራ የነበረው ተመለሰ፣ ሥልጠና ያገኘም አለ፤ በጦር ሰፈር ቤት ውስጥ ቤተሰብ የመሠረተው ግን ሰፈሩ የሠራዊቱ እንጂ የሱ አልነበረምና ጓዙን ጭኖ ወጣ። የቀበሌ ቤት የደረሰው ዕድለኛ ነው። የከተማ ወታደር የቤት ጥያቄ ያኔም አልተመለሰም፣ ዛሬም ያው ነው።

አንድ ለየት ያለ ምሳሌ አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፦ ኮርያ ሰፈር። ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮርያ የዘመተ ጊዜ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ሄደዋል፣ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ አንድም አልተማረከም። ሲመለሱ ንጉሡ መሬት ሰጧቸው፣ ሰፈሩ ስሙን ከነሱ ወሰደ። ከ1966 በኋላ ግን ኮሙኒስት የወጋ ዘማች በኮሙኒስት መንግሥት ዘመን መኖር ነበረበት፤ ክብሩ ወደ ጥርጣሬ ተቀየረ። ታሪኩ የተቃናው ደቡብ ኮርያ ሀብታም ስትሆን ነው። ከኮርያ የመጡ ድርጅቶች ላረጁት ዘማቾች ወርሃዊ ድጎማ ሰጡ፣ ያዘመመ ቤታቸውን አደሱ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ወጪ ሸፈኑ፤ አፍንጮ በር ላይም በ2006 እ.ኤ.አ. ሐውልት ቆመ። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፦ የኢትዮጵያ ወታደር ቤት የታደሰለት ለሌላ ሀገር ስለተዋጋ ነው። ካራማራ ላይ የቆሰለው፣ ባድመ ላይ እግሩን የተወው፣ ቤቱን የሚያድስለት ሴኡል የለውም።

ከባድመው ጦርነት በኋላ 150 ሺህ ያህል ወታደር ተቀነሰ፤ የዓለም ባንክ ለዚያ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አበድሯል። አሁን ደግሞ ከፕሪቶሪያው ስምምነት ማግሥት በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እመልሳለሁ ብሏል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ በጀቱ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ የመሰናበቻ ገንዘብ ሰጥቶ መሸኘት ይቀልላል። ከላይ እንዳየነው ግን የመሰናበቻ ገንዘብ ቤት አይደለም፤ እንዲያውም ካልተመከረበት ወደ ጨረቃ ቤት የሚወስድ መንገድ ነው።

እንግዲህ ሀገሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ መከላከያዎችን ልንገራችሁ፣ ብዙው ሰው አያውቃቸውምና። የጡረታ አበል በዕዳ አይያዝም፤ በፍርድ ቤት ለመንግሥት ዕዳ ወይም ለቀለብ ካልታዘዘ በቀር፣ ያም ሲሆን ከሲሶው አይበልጥም። አበዳሪ የጡረታ ደብተርህን በመያዣነት ከወሰደ የወሰደው በሕግ ሳይሆን በድፍረት ነው። ባል ሲሞት ሚስት የአበሉን ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ወላጅ 15 በመቶ ያገኛል፤ ነገር ግን ጋብቻውም ልጁም በጡረታ ፋይሉ ላይ መገኘት አለባቸው፣ አለዚያ መበለቲቱ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስትዞር ያችን ያለቻትን መሬት ለወለድ አገድ ትሰጣለች። የጋራ ቤትን ባል ብቻውን ማስያዝ ወይም መሸጥ አይችልም፣ የሚስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ይህ ሕግ ከብዙ ሽምግልና የበለጠ ቤት አድኗል ብል አላጋነንኩም። የምርት ማጣት ወራት ላይ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በወላይታ ወረዳዎች የሚሠራው ሴፍቲኔት አለ፤ የተፈለሰፈው ራሱ ቤተሰብ በረሃብ ወር ጥሪቱን አሟጦ እንዳይሸጥ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሰው የተራበበትን የወላይታን ዓመት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ዕድርንም አልረሳሁትም። ዕድር ለቀብር ድንኳን ይተክላል፣ ለታመመ ያዋጣል፤ ለወለድ አገድ መክፈያ ቢያበድርስ? 40 ሺህ ብር ለመቶ አባል ለያንዳንዱ 400 ብር ነው። ያበደረው ዕድር መሬቱን አይወስድም፣ ምርት ሲደርስ ገንዘቡን ይቀበላል። ያን ያህል ሩቅ ሐሳብ አይደለም፣ በየሰፈሩ ያለ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሊሠራው የሚችል ነው።

አሁን እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ግዳጅ ላይ ያለ ወንድም፣ ወይም ተሰናብቶ የተመለሰ አጎት ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉለት። የአባቱ ግቢ ደብተር ላይ ስሙ እንዳለ ጠይቁት፤ ከሌለ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አብራችሁት ሂዱ። ሚስቱና ልጆቹ በጡረታ ፋይሉ ላይ ተመዝግበው እንደሆነ ጠይቁት። ቦታ ሊገዛ ከሆነ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ማዘጋጃ ቤት ይግባ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለደካማው በነፃ የሚቆሙበት የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸውና በአቅራቢያው ያለውን አሳዩት።